አራት ወር ከአሥር ቀን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ አምባሰል ግርጌ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሁሉ ዒዳዋን የምታስቆጥረው ዋሲላ ዘንድ ነበር። አራት ወር ከአሥር ቀን፤ ሳታገባ፣ ሳትኳል፣ ከባሏ ቤት ሳትርቅ። ሰው ሲሞት ለከፈን የሚሮጠው ይሮጣል፣ መቃብር የሚቆፍረው ይቆፍራል፤ ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት የዋሲላን አጥር ይዛ «ዋሲላ፣ ያን ለት ጨረቃዋ ስንት ነበረች?» ትላለች። ዋሲላም ትነግራታለች፣ ትቆጥርላታለች፣ የሚያልቅበት ቀን ሲደርስ እጇን ይዛ ሐይቁ ዳር ወስዳ ታስታጥባታለች። ፊደል አልቆጠረችም። የዒድን በዓል አንድ ጊዜ በአንድ ቀን ስታለች፤ እሱም ሰማዩ ሦስት ቀን ደመና ለብሶ ነው። ዒዳ ግን ስታ አታውቅም።

የገዛ ልጇ ሲሞት የገዛ ምራቷን ዒዳ ማን ቆጠረው? ስልክ።

ይህን በደል ብሎ የቆጠረላት ሰው አልነበረም። ዋሲላ ግን ቆጠረችው፤ መቁጠር ሥራዋ ነው።

ልጇ አብዱልጀባር ሚሊሻ ነበር። አምና ሐይቅ ከተማ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ተርፎ፣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አለቀ» ሲል፣ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተጫረና ወደ ቆቦ ሄደ። ነሐሴ ሃያ ቀን ወደቀ። ቀኑን ያመጣው አብሮት የነበረ ሰው ነው፤ ሬሳው አልመጣም። ያን ለት የሙሐረም ጨረቃ ሃያ ስምንት ቀኗ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ እንደ ጥፍር ቁራጭ ብቅ ብላ የምትጠፋበት። ዋሲላ ማንም ሳይጠይቃት ያዘችው።

ምራቷ ኢቲሳም ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም። ጥቁሯን ለብሳ ከዋሲላ ጋር አንድ ግቢ ተቀመጠች፣ በላች፣ ሰገደች፣ ጥግ ይዛ አለቀሰች። ዋሲላም አለቀሰች፤ ግን ለየብቻ ነበር የሚያለቅሱት። በጥቅምት መጨረሻ እርቅ ተፈረመ ተባለና መንገዱ ሲረጋ፣ ጅዳ መኪና የሚነዳው ሐቢብ ለዓመት ፈቃድ ወደ ሐይቅ መጣ። ሐቢብ ኢቲሳምን ከአብዱልጀባር በፊት ጠይቋት ያልተሰጠችው ሰው ነው። ዒዳ ላይ ያለችን ሴት በግልጽ መጠየቅ አይገባምና እናቱ ሀውራ ለቅሶ ልድረስ ብላ መጥታ፣ ስትነሳ በር ላይ ቆም አለችና «የልጄ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ ስምንት ነው» ብላ ብቻ ሄደች። ይህ ያልገባው የሐይቅ ዶሮ እንኳ የለም።

አብዱልመናን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የዋሲላ የልጅ ልጅ ነው፤ የሴት ልጇ የሙጂባ ልጅ። በለውጡ ዓመት፣ ሰው ሁሉ ነገ ጥሩ ነው በሚልበት ሰሞን አዲስ አበባ ለትምህርት ገብቶ ኮምፒውተር የሚያዝ ሰው ሆኖ ወጣ። ለአጎቱ ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ ነበርና በኅዳር መጣ፤ ኮምፒውተሩንም ተሸክሞ።

ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ኢቲሳም ከጓዳ ወጥታ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አብዱዬ፣ ስልክህ ቀን ይቆጥራል አሉ።»

«ስልኩ አይደለም፤ እኔ ነኝ የማስቆጥረው» አለ። ኩራቱ የአያቱ ነው። «ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው ሥራቸው ውስጥ የሚሰኩት ነገር ሠርቻለሁ። ላይብረሪ ይባላል። የእኔ ላይብረሪ ሥራው ጊዜ ነው።»

«ጊዜ ደግሞ ይሠራል?» አለች ዋሲላ ከመደቡ ላይ።

«እምዬ፣ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሰዓትና በደቂቃ የሚለካው ነው፤ አንድ ሰዓት የትም ሄደሽ አንድ ሰዓት ነው። ሌላው የቀን መቁጠሪያው ነው። አንድ ወር ስንት ቀን ነው ብትዪኝ መልስ የለኝም። የፈረንጁ ሃያ ስምንትም ይሆናል፣ ሠላሳ አንድም ይሆናል፤ ከየት እንደጀመርሽ ነው። ስለዚህ ወርን ወደ ቀን አልመነዝረውም። ሦስት ሳጥን አለኝ፤ ዓመት ለብቻው፣ ወር ለብቻው፣ ቀን ለብቻው። አራት ወር ከአሥር ቀን ስትዪኝ የወሩ ሳጥን ውስጥ አራት፣ የቀኑ ሳጥን ውስጥ አሥር እጽፋለሁ። ከዚያ መነሻውን ቀን እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ወሩን ይራመዳል፣ ቀጥሎ ቀኑን።»

«ይህን ለማወቅ ነው አምስት ዓመት አዲስ አበባ የተቀመጥከው?» አለች። «አላህስ ቢሆን አራት ወር ከአሥር ቀን አለ እንጂ መቶ ሠላሳ ቀን መቼ አለ?»

«ይኸው፣ እምዬ ገብቷታል» ብሎ ሳቀና ስልኩን ነካካው። ነሐሴ ሃያን ሰጠው፣ አራቱን ሰጠው፣ አሥሩን ሰጠው። «ኅዳር ሠላሳ። ዓርብ ይውላል።»

ኢቲሳም ዓርብ የሚለውን ቃል ከከንፈሯ ላይ ሳታወጣው ደገመችው። ከዚያ እስከ ሐቢብ መሄጃ ስምንት ቀን ይተርፋል።

«ያን ቀን አይሞላም» አለች ዋሲላ። «በጨረቃ ቁጠሩት። ገና ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ቀድማ የሳቀችው ኢቲሳም ናት። ከነሐሴ ወዲህ ዋሲላ የምራቷን ጥርስ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እማ፣ ጨረቃማ ለዒዱም ከድታዎት ነበር።»

«ሰው እኮ ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል እምዬ» አለ አብዱልመናን። «አንቺ አጥርሽ ሥር ቁጭ ብለሽ ነው የምትቆጥሪያት።»

«ቆይ፣ በጣቴም ልየው» አለች ኢቲሳም። እጇን ዘረጋች። «ነሐሴ ላይ ሞተ። ጳጉሜ አንድ፣ መስከረም ሁለት፣ ጥቅምት ሦስት፣ ኅዳር አራት። ኅዳር ሃያ ላይ አራት ወር ሞላ። አሥር ቀን ሲጨመር ኅዳር ሠላሳ። ያው ነው።»

«ያው ነው» አለ ልጁ።

ዋሲላ አፏን ከፈተች። ጳጉሜ። አምስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜ ከመስከረም እኩል አንድ ጣት ይዛ ተቀምጣለች። የተማረው ልጅም፣ ስልኩም፣ ምራቷም ያን ጣት እያዩ አላዩትም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንግዲህ ስልክም ተጨምሯል። ዋሲላ አፏን መልሳ ዘጋች። ዝም አይነቅዝም።

ሐቢብ ሞኝ አልነበረም። በሳምንቱ፣ ዋሲላ ሐይቁ ዳር ከታንኳ ከወረዱ ሰዎች ዓሣ ስትመርጥ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። በግ የሚያህል ስጦታ ይዞ ቢመጣ ትመልሰው ነበር፤ ባዶ እጁን መምጣቱን ወደደችለት።

«እማ ዋሲላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቅ።»

«የኢቲሳም ዒዳ ዓርብ ይሞላል ብለውኛል። እናቴ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ስትናገር የምሰማው ግን ዒዳ የሚቆጠረው በእርስዎ ነው። ልቤ አልረጋልኝም። እውነት ይሞላል?»

ዓሣው ገና ይንፈራገጥ ነበር። ዋሲላ በጅራቱ ይዛ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዓይኑ አይሸሽም። ለአብዱልጀባር ቀብር ቢኖር ኖሮ ከቃሬዛው ፊት የሚገኝ ዓይነት። «ሦስት ሳምንት ታገስ» ብትለው ይታገስ ነበር፤ ፈቃዱን ያስረዝም፣ ወይም ወኪል አቁሞ የጋብቻ ውሉን፣ ኒካሁን፣ ከጅዳ ያስር ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ቆማ አሰበችው።

«ቤቴ የተማረ ሰው አለ» አለችው። «እሱን ጠይቅ።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔማ አጥር ሥር የምቀመጥ አሮጊት ነኝ።»

ሐቢብ ፈገግ አለ። ቀልድ መሰለው። እጇን ስሞ ሄደ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዉ በዋሲላ ግቢ ተሰበሰበ። የኢቲሳም አጎት አብዱልሃሚድ ሊድራት ከአምባሰል ወርዶ መጥቷል። ሼህ ኑርዬ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ሰው እየመራቸው ገብተው ከምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ዒዳዋ ሞልቷል?» አሉ።

«ዛሬ ሞልቷል ሼሃችን» አለ አብዱልሃሚድ። «ተማሪው አስልቶታል።» አብዱልመናን ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ለማያዩ ዓይኖች።

ሼህ ኑርዬ ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ በኩል አዞሩ። «የሟች እናት አለች?»

«አለሁ» አለች ዋሲላ ከበሩ ሥር።

«ደህና» አሉና ኒካሁን አሰሩ። አለች ወይ ብለው ነው የጠየቁት፤ ምን ትላለች አላሉም። ዋሲላ እንደዚያ ነው ለራሷ የነገረችው።

ኢቲሳም ጥቁሯን አውልቃ ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። በግቢው በሐዘን ጎብጣ የከረመችው ያቺ ልጅ የት እንደገባች አልታወቀም፤ አንገቷ ረዝሞ፣ ሂና እጇ ላይ ደምቆ፣ አማቷን ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። «አውፍ ይበሉኝ እማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ዋሲላ ራሷን ዳሰሰቻት። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ሐቢብ ቤት ሲወርዱ ጨረቃ ከሐይቁ ማዶ ወጣች፤ ሙሉ፣ እንደ ሰፌድ የተዘረጋች። ልጇ ሲሞት ጨረቃ እየሞተች ነበር። አራት ወር ሲሞላ እንደገና የምትሞትበት ቀን ይሆናል፤ አሥሩ ቀን ሲታከልበት ደግሞ አዲሷ ግማሽ ትደርሳለች። ሙሉ ጨረቃ ላይ የሚያልቅ ዒዳ አልነበረም። ከሃምሳ ሰው አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ ያውቀው ነበር። ማንም አላየም፤ ሙሽራዋን ነበር የሚያዩት።

ዋሲላ ያን ለትም አልተናገረችም። ቅዳሜ ዋለች። እሑድ ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ሼህ ኑርዬ ቤት ሄደች።

«ልጄ የሞተው ሙሐረም ሃያ ስምንት ነው» አለቻቸው። «ዛሬ ጁማደል አወል አሥራ ሰባት ነው። ይቁጠሩ።»

ሼህ ኑርዬ መቁጠሪያቸውን ያዙ። ሰፈር ሃያ ስምንት አንድ። ረቢአል አወል ሃያ ስምንት ሁለት። ረቢአ ሳኒ ሃያ ስምንት ሦስት። አራተኛው ፍሬ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል» አሉ። «ከዚያ አሥሩ።» መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ለእኔ የነገሩኝ በሐበሻ ቀን ነው። ነሐሴ ሃያ አሉኝ።»

«ነሐሴ ሃያማ ልክ ነው። ጳጉሜን ወር አድርገው ቆጠሯት።»

«ዓርብ ለት ከበሩ ሥር ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ዋሲላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሐራም ላይ አስቀምጠሻቸዋል።»

«እኔ አላሰርኩም» አለች። «ያሰሩት እርስዎ ነዎት።»

ሼሁ ከምንጣፋቸው ተነሡ። ልጃቸውን ጠርተው ወደ ሐቢብ ቤት ምራኝ አሉ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ኒካሁ ፈርሷል፣ ይለያዩ። ኢቲሳም ወደ ሟች ባሏ ቤት ተመልሳ የቀረውን ሃያ አንድ ቀን ትጨርስ። ወንድ ስላወቃት ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ዒዳ አለባት፤ የወር አበባዋን ሦስት ጊዜ አይታ እስክትጠራ ትቀመጥ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከፈለጉ አዲስ ኒካህ ያስሩ። ሐቢብ ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ ሰማ። እናቱ ሀውራ ግን ከሰማችው ውስጥ የያዘችው አንዱን ብቻ ነበር። «ዒዳዋን ሰርቃ የመጣች ሴት ቤቴን አትረግጥም» አለች። ኢቲሳም ሂናው ሳይለቅ፣ አንድ ቦርሳ ይዛ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ በጠራራ ፀሐይ ተመለሰች። ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሐሙስ ለት ሐቢብ ሰሚሃ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ አገባ፤ እናቱ ናት የፈለገችለት። ቅዳሜ ወደ ጅዳ በረረ። እንቢ ያላለበትን ምክንያት የጠየቀው የለም።

አብዱልመናን ከእሑድ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ላይ አልተነሳም። ዋሲላ በሦስተኛው ቀን ከጎኑ ተቀመጠች።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት እምዬ።» ዓይኑ ቀልቷል። «ወሮቹን ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ደርድሬያቸው ነበር። አንድ ወር ጨምር ሲባል ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል። ጳጉሜ ላይም እንደ ሙሉ ወር ይረግጣል። ስሞክረው የሰጠሁት ቀን ሁሉ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነበር፤ ጳጉሜን ያሻገርኩት አንድም የለም። ደግሞ ዒዳ በጨረቃ መሆኑን… ሳጥኑ ውስጥ አራት ወር ብዬ ስጽፍ የማን ወር ነው ብዬ አልጠየቅኩም።»

«ሌሎች ሰዎች ይወስዱታል ያልከው ይህንኑ ነው?»

«አዎ። ለውል፣ ለኪራይ፣ ለደመወዝ…»

«ታዲያ ስንት ሴት ድረሃል እስካሁን?»

አንገቱን ደፋ። «ትንሽ ስህተት ናት እምዬ። በአንድ መስመር ትስተካከላለች።»

«ኢቲሳምንም በአንድ መስመር አስተካክላት።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። ዋሲላ አላባበለችውም፤ አጥር ሥር የተቀመጠች አሮጊት ምን ታውቃለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ እንደገና አጥሯን ይይዙ ጀመር፤ ራቅ ካለው ከአርዲቦ ሳይቀር ሴቶች መጡ። «ስልክ ያልቻለውን» ይሉ ነበር። ዋሲላም ትቆጥርላቸው ነበር። ኢቲሳም ጥቁሯን ለብሳ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

የሐቢብ አውሮፕላን በተነሳ ማግስት ኢቲሳም ከጓዳ ወጣችና ከዋሲላ ፊት ቆመች። አልተቀመጠችም።

«እማ፣ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጣትሽን ዘርግተሽ ከቆጠርሽ ጊዜ ጀምሮ።»

ኢቲሳም እጇን አየችው። ሂናው መዳፏ ላይ ደብዝዞ ብርቱካን ሆኗል። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ። ሳቅሽ።»

«ስለ ሳቅኩ?» አለች። «አራት ወር በዚህ ቤት አልቅሼ አንድ ቀን ስለ ሳቅኩ?»

«አላመንሽኝም።»

«ጉልበትዎን ስሜ ነው የወጣሁት። ራሴን ዳሰሱኝ። እጅዎ ራሴ ላይ ሆኖ ያውቁ ነበር።»

ዋሲላ ያን እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተችው።

«አብዱልጀባር እንደማይመጣ ስንሰማ፣ ቢያንስ ሬሳው ቢመጣ ብዬ አለቀስኩ» አለች ኢቲሳም። «አሁን አልሐምዱሊላህ እላለሁ። እዚህ ተቀብሮ ቢሆን ይህን ይሰማ ነበር።»

ይህ ገባ። ዋሲላ ሰውነቷ ውስጥ የት እንደገባ አወቀችው፤ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ ያኔ ልጇ ተረግዞ በተኛበት ቦታ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፣ መለሰችው። አንድ ቃል ብታወጣ፣ ልጄ ብትላት እንኳ፣ ልጅቱ እዚያው ትወድቅላት ነበር። አጥሩ ላይ ደግሞ የአርዲቦዋ ሴት ቆማ ትጠብቃለች።

«ወደ እናቴ ልሂድ» አለች ኢቲሳም። «ሼሁ ከፈቀዱልኝ የቀረውን አምባሰል ልቁጠረው። ሦስቱን የወር አበባማ እኔው አውቀዋለሁ፤ እሱን ስልክም ጨረቃም አይቆጥረውም።»

«አትሄጂም» አለች ዋሲላ። «የባልሽ ቤት ይህ ነው። የቀረውን አሥራ አራት ቀን እኔ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ደም ባየሽ ቁጥር፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ለኑርዬም ሳይሆን ለእናትሽም ሳይሆን፣ መጀመሪያ መጥተሽ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»